አድራሻው አጭር ነው፦ ፀረ-ካንሰር አንቲባዮቲኮች ዲኤንኤን እንዴት ያነባሉ?

ዶክሶሩቢሲን የሚባል መድኃኒት አለ። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው። በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ሽንትን ሳይቀር ያቀላል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ያሉ ታካሚዎች «ቀዩ ሰይጣን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ፀጉር ያረግፋል፣ ያስመልሳል፣ ሲበዛ ልብን ያደክማል። ያም ሆኖ ለጡት ካንሰር፣ ለሊምፎማና ለሌሎችም ዕጢዎች እስከ ዛሬ ከሚታዘዙት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ መድኃኒት አንቲባዮቲክ መሆኑን ነው።

አዎ፣ አንቲባዮቲክ። አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ የምናውቃቸው መድኃኒቶችም የመጡት ከዚያው የባክቴሪያ ቤተሰብ ነው፤ ስትሬፕቶማይሲስ ይባላል። ልዩነቱ የሚመታው ቦታ ላይ ነው። የተለመደው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያው ያለውን፣ እኛ የሌለንን ነገር ይመርጣል። ፔኒሲሊን የባክቴሪያን ግድግዳ ያበላሻል፤ የእኛ ሴሎች እንዲህ ያለ ግድግዳ የላቸውም። እነ ዶክሶሩቢሲን ግን የሚያርፉት ዲኤንኤ ላይ ነው። ዲኤንኤ ደግሞ የሌለው የለም።

ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ሲጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ «የተወሰነ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል መርጠው ይያያዛሉ።» ትክክል ነው። ችግሩ ሲነበብ የሚፈጥረው ሥዕል ነው። መድኃኒቱ የካንሰሩን ጂን አሳድዶ፣ ጤነኛውን ዘሎ፣ በሽታውን ብቻ የሚመታ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። መምረጡን ይመርጣል። የሚያነበው አድራሻ ግን በጣም አጭር ነው። ዛሬ በካንሰር መድኃኒት ዓለም የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል።

ሥራ ያገኘ መርዝ

ታሪኩ የሚጀምረው በ1940 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሴልማን ዋክስማንና ቦይድ ውድረፍ ከአፈር ባክቴሪያ አክቲኖማይሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። ባክቴሪያ ይገድላል። የሙከራ እንስሳትንም ይገድላል። እንደ ባክቴሪያ መድኃኒት ዋጋ አልነበረውም። የዋክስማን ቤተ ሙከራ ፍለጋውን ቀጥሎ በ1943 ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ፤ ዋክስማንም በ1952 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

አክቲኖማይሲን ግን አልተረሳም። በ1950ዎቹ ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር አክቲኖማይሲን ዲን የዊልምስ ዕጢ ለያዛቸው ሕፃናት መስጠት ጀመሩ። ይህ የኩላሊት ካንሰር ነው። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። በ1964 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው፤ ዛሬም በሕፃናት ካንሰር ሕክምና ይሠራበታል።

ሐኪሞቹ ሲጀምሩ መድኃኒቱ ዲኤንኤ ላይ በትክክል የት እንደሚቀመጥ አያውቁም ነበር። መሥራቱን ብቻ አዩ። የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ መጀመሪያ ሌላ ጥያቄ መመለስ ነበረበት።

ተዘግቶ የሚነበብ መጽሐፍ

ዲኤንኤ የተጠማዘዘ መሰላል ነው። አራት ፊደላት አሉት፦ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን። ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ እንበላቸው። ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ጂ ሁልጊዜ ከሲ ጋር ትጣመራለች። ጥንዶቹ ወደ ውስጥ ተጋጥመው የመሰላሉን መርገጫዎች ይሠራሉ።

እንግዲህ ፊደላቱ ፊት ለፊት ተጋጥመው ከተዘጉ፣ ከውጭ የመጣ ሞለኪውል እንዴት ያነባቸዋል? ሴሉ ራሱ ጂን መቅዳት ሲፈልግ ሁለቱን ክሮች ያላቅቃቸዋል። መድኃኒቱ ያን አያደርግም። መጽሐፉን ሳይከፍት ነው የሚያነበው።

የሚያነበው በጠርዙ ነው። መሰላሉ ሲጠማዘዝ በጎኑ ሁለት ቦዮች ይፈጠራሉ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። በቦዮቹ ወለል ላይ የፊደላቱ ጠርዝ ብቅ ይላል። በ1976 ናድሪያን ሲማን፣ ጆን ሮዘንበርግና አሌክሳንደር ሪች እነዚህ ጠርዞች ምን ያህል እንደሚናገሩ ቁጭ ብለው መረመሩ። በሰፊው ቦይ አራቱም ጥምረቶች ይለያሉ። ኤ-ቲን ከቲ-ኤ፣ ጂ-ሲን ከሲ-ጂ መለየት ይቻላል። በጠባቡ ቦይ ግን ድምፁ ይደበዝዛል። ኤ-ቲ እና ቲ-ኤ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ጂ-ሲ እና ሲ-ጂም እንደዚያው ለመለየት ያስቸግራሉ። በደንብ የሚታየው የኤ-ቲ ወገን ወይም የጂ-ሲ ወገን መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት የምታመጣው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ጓኒን ወደ ጠባቡ ቦይ ብቅ የምታደርጋት፣ ከአንድ ናይትሮጂንና ከሁለት ሃይድሮጂን የተሠራች ቡድን። ኬሚስቶች አሚኖ ቡድን ይሏታል። እኔ እዚህ ጉብታ ልበላት። ኤ-ቲ ያለበት ቦታ ወለሉ ልሙጥ ነው። ጂ-ሲ ያለበት ቦታ መሃል ላይ ጉብታ አለ። ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡትን የብሬል ጽሑፍ አስቡት። እዚህ ግን ያለው አንድ ዓይነት ነጥብ ብቻ ነው፤ አለ ወይም የለም።

ጂን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች በአብዛኛው የሚያነቡት በሰፊው ቦይ ነው፤ እዚያ መረጃው ሙሉ ነው። ከአፈር ባክቴሪያ የመጡት ትናንሽ ሞለኪውሎች ግን ብዙዎቹ የሚገቡት በጠባቡ ነው። ድሃውን ጽሑፍ ነው የሚያነቡት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት የምነግራችሁ ታሪክ በሆነ መንገድ ወደዚያች ጉብታ ይመለሳል።

ሽብልቁና ሁለቱ ክንዶች

አክቲኖማይሲን ዲን ላያችሁት ውብ ነገር ነው። መሃሉ ጠፍጣፋ ሳህን ነው። ከሳህኑ ጎን ሁለት ክንዶች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ ክንድ ከአምስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ቀለበት ነው።

ጠፍጣፋው ክፍል እንደ ሽብልቅ በሁለት መርገጫዎች መካከል ይሰነቀራል። በመደበኛው ዲኤንኤ በመርገጫና በመርገጫ መካከል ያለው ርቀት 3.4 አንግስትሮም ነው፤ አንድ አንግስትሮም የአንድ ሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው። ሽብልቁ ሲገባ ይህ ርቀት ወደ እጥፍ ገደማ ይከፈታል። መሰላሉም እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ይላላል፣ ጥምዝነቱ ይቀንሳል። ጠፍጣፋ ሞለኪውሎች እንዲህ መሃል ገብተው ሊሰነቀሩ እንደሚችሉ መጀመሪያ ያቀረቡት ሊዮናርድ ለርማን ናቸው፤ ጊዜው 1961 ነበር።

መሰንቀር ብቻውን ግን ብዙ አይመርጥም። ምርጫው ያለው ክንዶቹ ላይ ነው። ሁለቱ ቀለበቶች ጠባቡ ቦይ ውስጥ ይተኛሉ። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ያለው ትሪዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ የጓኒንን ጉብታ በሃይድሮጂን ትስስር ይይዛል። አንድ ክንድ አንድ ጉብታ፣ ሌላው ክንድ ሌላ ጉብታ። ስለዚህ ሽብልቁ እንዲገባ ግራና ቀኙ ጓኒን መኖር አለበት፤ አንዷ በአንዱ ክር፣ ሌላዋ በተቃራኒው። ይህን የሚያሟላው ጂ ከዚያ ሲ የሚል ተከታታይ ነው። ጂሲ ከላይኛው ክር ሲነበብም ከታችኛው ክር ሲነበብም ያው ጂሲ ነው። መድኃኒቱም ሁለት ተመሳሳይ ክንድ አለው። ቁልፉና ቁልፍ ቀዳዳው በአንድ ዓይነት ሚዛን የተቀረጹ ናቸው። ሄንሪ ሶበልና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ አክቲኖማይሲንን ከጓኒን ጋር በክሪስታል አብረው አሳድገው በኤክስሬይ ያዩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም ጂኑን እየቀዳ ሲመጣ መንገዱ ላይ የተሰነቀረ ነገር ያጋጥመዋል። ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። አክቲኖማይሲን የት መቀመጡ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ ቶሎ የማይለቅ መሆኑም ነው። መጥቶ ወዲያው የሚሄድ ሞለኪውል ኢንዛይሙን ለአፍታ ቢያደናቅፈው ነው። ክንዶቹ ግን ሁለቱም ካልለቀቁ ሽብልቁ አይወጣም።

ጉብታዋን ብናዛውራትስ?

ሳይንቲስቶች መድኃኒቱ የት እንደተቀመጠ የሚያዩበት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። መኪና ቆሞ ሳለ ዝናብ ይዘንባል እንበል። መኪናው ከሄደ በኋላ አስፋልቱ ላይ ደረቅ ቦታ ይቀራል። ማን እንደቆመ ባታዩም የት እንደቆመ ታውቃላችሁ። በ1978 ዴቪድ ጋላስና አልበርት ሽሚትዝ ይህንኑ በዲኤንኤ ላይ አደረጉ። ዝናቡ ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው። ፕሮቲን የተቀመጠበት ቦታ ሳይቆረጥ ይቀራል። የእግር ዱካ ዘዴ ይሉታል። ብዙም ሳይቆይ ፒተር ደርቫንና ሌሎች ተመራማሪዎች ለትናንሽ መድኃኒቶች ተጠቀሙበት። አክቲኖማይሲን ጂሲ ላይ ደረቅ ቦታ ይተዋል። ኤኪኖማይሲን የተባለው፣ በሁለት ሽብልቅ የሚሰነቀረው ዘመዱ ደግሞ ተገልብጦ ሲጂ ላይ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሙከራ ግን ከዚያ የመጣው ነው። በ1990ዎቹ ማይክል ዋሪንግና ክሪስቲያን ባዪ አንድ የልጅ የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ። ጉብታዋ ናት ሁሉን የምትወስነው ካልን፣ ከቦታዋ ብናነሳትስ?

እንዲህ አደረጉ። በጓኒን ፋንታ ኢኖሲን አስገቡ። ኢኖሲን ጓኒንን ትመስላለች፤ ጉብታ ግን የላትም። በአዴኒን ፋንታ ደግሞ ዳይአሚኖፑሪን አስገቡ። ይህቺ አዴኒንን ትመስላለች፤ ጉብታ ግን ተጨምሮላታል። ጽሑፉ ሳይቀየር ጉብታዎቹ ብቻ ቤት ቀየሩ። ከዚያ መድኃኒቶቹን ለቀቁባቸው።

ኤኪኖማይሲን የቀድሞ ቦታውን ጥሎ ጉብታው ወደሄደበት ተከትሎ ሄደ። ያ ቦታ በተለመደው ዲኤንኤ ዞር ብሎ የማያየው ነበር። ኤ-ቲን የሚወዱት መድኃኒቶች ደግሞ ተቃራኒውን አደረጉ። ጉብታ ከተጨመረበት ሸሹ፤ ከተነሳበት ገቡ።

መድኃኒቱ ጓኒንን አያውቃትም ማለት ነው። ጉብታ ነው የሚያውቀው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ምን ይምጣ?

ኤ-ቲ ወዳጆች ያልኳቸው እነ ኔትሮፕሲንና ዲስታማይሲን ናቸው። ቀጭንና ጎበጥ ያሉ ሞለኪውሎች ናቸው፤ አይሰነቀሩም። ጠባቡ ቦይ ውስጥ ተንሸራተው ይተኛሉ። የሚፈልጉት አራት ያህል ተከታታይ የኤ ወይም የቲ ጥንዶችን ነው። እዚያ ቦዩ ይበልጥ ጠባብ ስለሚሆን ግራና ቀኝ ጥብቅ አድርጎ ያቅፋቸዋል። መሃል አንዲት ጉብታ ካለች አይገጥሙም። በ1985 የሪቻርድ ዲከርሰን ቡድን ኔትሮፕሲን በዲኤንኤ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ያለውን የክሪስታል ሥዕል አሳተመ። እነዚህ ሁለቱ ራሳቸው የካንሰር መድኃኒት ሆነው አልወጡም። ለሐሳብ ግን ትልቅ በር ከፍተዋል፤ እመለስበታለሁ።

ቀዩ መድኃኒትና አንድ የኦክስጅን አቶም

ዶክሶሩቢሲን የመጣው ከጣሊያን ነው። በደቡብ ጣሊያን ካስቴል ዴል ሞንቴ የሚባል የመካከለኛው ዘመን ግንብ አለ። ከዚያ አካባቢ ከተነሳ አፈር ቀይ ቀለም የሚሠራ ስትሬፕቶማይሲስ ተገኘ። ከእሱ የወጣው መድኃኒት ዳውኖሩቢሲን ተባለ። ዳውኒ በጥንት ጊዜ በዚያ አገር የኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ሁለተኛው ክፍል የመጣው ሩቢ ከሚባለው ቀይ ዕንቁ ስም ነው። ቀጥሎ ባክቴሪያው እንዲቀየር ተደርጎ ሌላ ዝርያ ተገኘ። ይህኛው አንድ የኦክስጅን አቶም የሚጨምር ሞለኪውል ሠራ። በአድሪያቲክ ባሕር ስም አድሪያማይሲን አሉት። ዶክሶሩቢሲን ማለት እሱ ነው። በአንዲት አቶም ልዩነት ዳውኖሩቢሲን በአብዛኛው የደም ካንሰር መድኃኒት ሆኖ ሲቀር፣ ዶክሶሩቢሲን ጠጣር ዕጢዎችንም የሚያክም ሆነ።

አያያዙ ግልጽ ነው። ጠፍጣፋ ቀለበቶቹ ይሰነቀራሉ፤ ስኳሩ ጠባቡ ቦይ ውስጥ ይንጠለጠላል። የሚመርጠው ሦስት ፊደል ነው። ሁለት የጂ-ሲ ጥንዶች ተከታትለው፣ ከጎናቸው አንድ የኤ-ቲ ጥንድ። ለምን ኤ-ቲ? ስኳሩ የሚያርፍበት ቦታ ልሙጥ እንዲሆን ነው። ምርጫው ግን ልል ነው። ሌላ ቦታም ይቀመጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ ዶክሶሩቢሲን የሚገድለው በመቀመጡ ብቻ አይደለም። ቶፖአይሶመሬዝ ሁለት የሚባል ኢንዛይም አለ። ዲኤንኤ ሲወሳሰብ ቆርጦ፣ አሳልፎ፣ መልሶ ይቀጥላል። መድኃኒቱ ኢንዛይሙን ቆርጦ ገና ሳይቀጥል ያስቆመዋል። የተቆረጠ ክር ይቀራል። ከዚህ ሌላ በ2013 በኔዘርላንድስ የዣክ ኔፍየስ ቡድን መድኃኒቱ ዲኤንኤ የሚጠመጠምባቸውን ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ከቦታቸው እንደሚያባርር አሳየ። በሴል ውስጥ ዲኤንኤ ራቁቱን አይቀመጥም። በፕሮቲን የተጠመጠመ ነው። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ በራቁት ዲኤንኤ ላይ የተነበበ ሦስት ፊደል፣ ሴል ውስጥ የግማሽ ታሪኩ ግማሽ ቢሆን ነው።

ልብንስ ለምን ይጎዳል? የልብ ጡንቻ ሴሎች የተለየ ፊደል ስላላቸው አይደለም። የዚያው ኢንዛይም ሌላኛው ዓይነት፣ ቤታ የሚባለው፣ እዚያ ስላለ ነው። በ2012 በወጣ ጥናት ከአይጥ ልብ ይህን ዓይነት ሲያጠፉት ጉዳቱ በጣም ቀንሷል። ሐኪሞች የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ድምር መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ላይ ለመግታት የሚጠነቀቁት ለልብ ሲሉ ነው።

መቀሱ፣ ስፌቱና ጥንዶቹ

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው።

ብሊዮማይሲን መቀስ ነው። ጃፓናዊው ሃማኦ ኡሜዛዋ በ1960ዎቹ ያገኙት ነው። ብረት ይይዛል፣ ኦክስጅን ይቀበላል፣ ከዚያ ዲኤንኤን ይቆርጣል። የሚወደው ከጂ ቀጥሎ ሲ ወይም ቲ ያለበትን ቦታ ነው። ሁለት ፊደል፣ በቃ። ለወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር ሕክምና ትልቅ ባለውለታ ነው። የሚፈራው ሳንባን እንደ ጠባሳ አጠጥሮ በመጉዳቱ ነው። ምክንያቱ አሁንም ከፊደል ጋር አይገናኝም። መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ሳንባና ቆዳ ውስጥ አነስተኛ በመሆኑ ነው።

ማይቶማይሲን ሲ ሰፊ ነው፤ ልብስ ሰፊ እንደሚባለው። ሴል ውስጥ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ይነቃና ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። ማሪያ ቶማሽና ባልደረቦቿ በ1987 ስፌቱ የት እንዳለ አሳዩ። ሲጂ ላይ ነው፤ በተቃራኒ ክሮች ያሉትን ሁለት ጉብታዎች ይዞ። እነዚያ ሁለት ጉብታዎች ሲጂ ላይ ሲሆኑ ርቀታቸው ለመድኃኒቱ ልክ ነው። የተሰፋ ክር አይላቀቅም። ካልተላቀቀ ሴሉ ዲኤንኤውን መቅዳት አይችልም።

ሚትራማይሲን በጥንድ ይሠራል። ሁለት ሞለኪውሎች በማግኒዥየም ተያይዘው ጠባቡን ቦይ ገፍተው ያሰፉና ጂ-ሲ በበዛበት ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ጂኖች መነሻ ላይ አለ። ኤስፒ1 የተባለው ጂን አስነሺ ፕሮቲንም ይፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ቦታውን ይቀማዋል። ዩዊንግ ሳርኮማ በሚባለው የአጥንት ካንሰር ላይ በ2011 አካባቢ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ በሽታውን የሚነዳውን ፕሮቲን ሥራ አስተጓጎለ። በታካሚዎች ላይ ሲሞከር ግን ጉበት እምቢ አለ። የሚፈለገው መጠን ደም ውስጥ ሊደርስ አልቻለም።

ሂሳቡን እንሥራ

አሁን ወደ አድራሻው ርዝመት።

አራት ፊደላት አሉ። ፊደላቱ በዘፈቀደ ቢደረደሩ አንድ የተወሰነ ባለ ሁለት ፊደል ቃል በአማካይ በየ16 ቦታው ይመጣል። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ ፊደላት አሉት። ስለዚህ እንደ ጂሲ ያለ አድራሻ ወደ 190 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይገኛል ማለት ነው። አራት ፊደል እናድርገው፤ በየ256ቱ። አሁንም 12 ሚሊዮን ያህል ቦታ አለ። እውነተኛው ጂኖም በዘፈቀደ የተደረደረ ስላልሆነ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ሲጂ ከሚጠበቀው በታች ነው። ነገሩን ግን አይለውጠውም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚገኝ አድራሻ ቢፈለግ ወደ 16 ፊደላት ማንበብ ያስፈልጋል። አራት በራሷ 16 ጊዜ ስትባዛ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ይሆናልና። እስካሁን ያነሳናቸው ሁሉ የሚያነቡት ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት አምስት ፊደል ነው። «ቤቱ በር ያለው ነው» ብሎ ሰው ፍለጋ እንደመላክ ነው።

ደግሞ የካንሰር ሴልና የጤነኛ ሴል ጽሑፍ በአብዛኛው አንድ ነው። ስህተቶቹ ከቢሊዮኖቹ ፊደላት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ታዲያ መድኃኒቶቹ ለምን ይሠራሉ? የካንሰር ሴል ቶሎ ቶሎ ስለሚባዛ፣ የዲኤንኤ ጥገናው ብዙ ጊዜ ስለተበላሸ፣ ያለማቋረጥ መቅዳት ስለሚፈልግ። አንድ ዓይነት ጉዳት ሁለቱም ላይ ይደርሳል፤ አንዱ አይቋቋመውም። የፀጉር ሥር፣ መቅኔና አንጀት የሚጎዱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እነሱም ፈጣን ናቸው።

አድራሻውን ማስረዘም ተሞክሯል። ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ ካልቴክ በተባለው ተቋም ፒተር ደርቫን ከዲስታማይሲን ተነስተው እንደ ሌጎ የሚገጣጠሙ ሞለኪውሎችን ሠሩ። አንዱ ቁራጭ ጉብታዋን ያቅፋል፤ ሌላው ልሙጡን። ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ሲተኙ ጂ-ሲን ከሲ-ጂ እንኳ ይለያሉ። በ1998 ኤ-ቲን ከቲ-ኤ የሚለይ ቁራጭም ጨመሩ። አራቱንም ፊደል በጠባቡ ቦይ ማንበብ ተቻለ። ድንቅ ኬሚስትሪ ነው። ሞለኪውሉ በረዘመ ቁጥር ግን ሴል ውስጥ ገብቶ ኒውክሊየስ ድረስ መድረሱ ይከብዳል። በዚህ መንገድ የተሠራ የካንሰር መድኃኒት እስካሁን ለሐኪም ማዘዣ አልበቃም።

አድራሻውን ትቶ አድራሹን

ዛሬ ገንዘብም ጉልበትም የሄደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ፊደል ማንበቡን መድኃኒቱ እንደሚችለው ያድርግ፤ የትኛው ሴል ውስጥ እንደሚገባ ግን ሌላ ይወስንለት። ያ «ሌላ» አንቲቦዲ ነው፤ አንድን ምልክት ለይቶ የሚይዝ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን።

ምርጡ ምሳሌ ካሊኬአማይሲን ነው። ከቴክሳስ፣ ካሊቺ ከሚባል ጠጠራማ አፈር የተገኘ ነው። አወቃቀሩ በ1987 ሲታተም ኬሚስቶችን አፍ አስከፈተ። ረጅም የስኳር ጅራት አለው፤ ጅራቱ ጠባቡ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቲሲሲቲ የመሰሉ አራት ፊደላትን ይፈልጋል። ራሱ ላይ እንደተጠመደ ወጥመድ የተወጠረ ቀለበት አለ። ሴል ውስጥ ሲነቃ ቀለበቱ ይዘጋና ከሁለቱም ክር ሃይድሮጂን ይነጥቃል። ሁለቱም ክሮች ይበጠሳሉ። በቤተ ሙከራ ከዶክሶሩቢሲን ከሺህ እጥፍ በላይ ኃይለኛ ነው። ብቻውን ለሰው መስጠት የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ አሰሩት። የአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሴሎች ቆዳቸው ላይ ሲዲ33 የሚባል ምልክት ይይዛሉ። ያንን የሚያውቅ አንቲቦዲ ላይ ካሊኬአማይሲን ተንጠለጠለ። ማይሎታርግ በሚል ስም በ2000 ተፈቀደ። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መድኃኒት ነበር። በ2010 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ቀጥሎ የተደረገው ሙከራ ጥቅሙን አላረጋገጠም፣ የሞት ስጋትም ታየበት። በ2017 ደግሞ መጠኑ ተቀንሶ፣ አሰጣጡ ተለውጦ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ቤስፖንሳ የተባለው ወንድሙ ለሌላ ዓይነት ሉኪሚያ ተፈቀደ። የሚሸከመው ያንኑ መርዝ ነው፤ የሚፈልገው ግን ሲዲ22ን።

ቀጣዩ መስመር አንትራማይሲን ከተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ የተወለዱት ናቸው። እነዚህ ጉብታዋን ከመንካት አልፈው በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር ራሷ ላይ ይጣበቃሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት ሞለኪውሎችን አንድ ላይ ቢያያይዟቸው በሁለት ክሮች ያሉ ሁለት ጓኒኖችን ይሰፋሉ። ዚንሎንታ የተባለው በ2021 ለአንድ የሊምፎማ ዓይነት የተፈቀደው በዚህ መርዝ ነው። ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። ያንኑ መርዝ ለትንሽ-ሴል የሳንባ ካንሰር ሊያደርስ የነበረው ሮቫልፒቱዙማብ ቴሲሪን በ2019 ተቋርጧል። አንቲቦዲው የሚፈልገው ምልክት ሌላም ቦታ ካለ፣ ወይም መርዙ መንገድ ላይ ከተፈታ፣ ዞሮ ዞሮ ጤነኛ ሴል ይመታል።

ለዚህ ነው «የካንሰርን ዲኤንኤ የሚለይ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ርዕስ ሳይ ወዲያው የማልደሰተው። ስንት ፊደል ነው የሚያነበው? በራቁት ዲኤንኤ ላይ ነው የታየው ወይስ በሴል ውስጥ? ወደ ሴሉ የሚያስገባውስ ማነው? ሦስቱ ካልተመለሱ ዜናው ገና ጥሬ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ስትሬፕቶማይሲስ የራሱ ዲኤንኤ ከመቶ 70 በላይ ጂ-ሲ ነው። ማለትም ጉብታ በጉብታ ነው። እና ይሄው ባክቴሪያ ጉብታ አሳድዶ የሚይዝ መርዝ ይሠራል። አድራሻው አጭር መሆኑ እኛን ብቻ ሳይሆን እሱንም ያሰጋዋል። ዳውኖሩቢሲንን የሚሠራው ባክቴሪያ ዘዴው ተመርምሯል። ዲኤንኤውን አልቀየረም፤ መርዙም እሱን እንዲዘል አላደረገም። ሴሉ ሽፋን ላይ ሁለት ፕሮቲኖች ተባብረው የሚያንቀሳቅሱት ፓምፕ አለው። መርዙ እንደተሠራ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋዋል።